«ቀለሙ ኩላሊት ይጨርሳል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሰኞ አንድ ጋሼ ከካት ላባችን፣ ቱቦ አስገብተን የልብን ደም ሥር ከምናይበት ክፍል፣ በር ላይ ተመለሱ። ጋውን ለብሰዋል። መርፌው እጃቸው ላይ ገብቷል። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹ ውስጥ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ሲወጡ ደረታቸውን ሰቅዞ ይይዛቸዋል። ማዘጋጃ ቤት እስኪደርሱ ሁለቴ ቆመው ያርፋሉ። በትሬድሚል የተደረገላቸው ምርመራም ጥሩ አልነበረም። አልጋው ተዘጋጅቶ ሳለ ስልካቸውን አወጡና «ይኼን አንብባችሁታል?» አሉን። «ልቤን ላሳይ ብዬ ኩላሊቴን አልሰጥም» ብለው ልብሳቸውን ጠየቁ።

ጽሑፉን ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ርዕሱ «ያልተነገረን መርዝ» ይላል። የጸሐፊው አባት ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ትንሽ የብረት ቱቦ) ከተደረገላቸው በኋላ የኩላሊት እጥበት ጀምረዋል። ጸሐፊው ከዚያ ተነስተው ለልብ የደም ሥር ምርመራ የሚሰጠው ኮንትራስት፣ ሰው በተለምዶ «ቀለም» የሚለው ፈሳሽ፣ ኩላሊት የሚያጠፋ መርዝ ነው ይላሉ። መከላከያም ይመክራሉ።

በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ አባታቸው ያነበብኩት ከልብ አሳዝኖኛል። ግን ያ ጽሑፍ አንድ ሕመምተኛ ከአልጋ አስነስቷል። ነገም ሌላ ያስነሳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ሐኪም አይደለሁም። መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ካት ላብ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ቀለሙን ከጠርሙስ የምቀዳው፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሄደ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

«መርዝ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ለወራት ይቀራል»

ቀለም የምንለው በልማድ ነው። ጠርሙሱን ያየ ሰው ውሃ ይመስለዋል። ምንም ነገር አያቀልምም። በውስጡ ያለው ዋናው ነገር አዮዲን ነው። አዮዲን ራጅን ስለሚያግድ ፈሳሹ ያለበት የደም ሥር ስክሪኑ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነገሩ የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። በ1923 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ለቂጥኝ ሶዲየም አዮዳይድ ይወስዱ የነበሩ ሕመምተኞች ሽንት በራጅ ሲታይ ሐኪሞች ልብ አሉ።

ለወራት ይቀራል የሚለው ስህተት ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ግማሹን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በሽንት ያስወጣዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይቆያል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ለወራት ግን አይቀመጥም።

«ከአራት ሰው የአንዱን ኩላሊት ያበላሻል»

ሰው በዋናነት የሚፈራው ይህን ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። በ2003 ከታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የተወሰደ ነው። ጥናቱ ውስጥ 129 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። የሁሉም ኩላሊት አስቀድሞ የተጎዳ ነው፤ ክሬቲኒናቸው፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ፣ ከ1.5 እስከ 3.5 ነበር። ግማሾቹ አዮሄክሶል የተባለውን ቀለም ወሰዱ፣ ግማሾቹ አዮዲክሳኖልን። አዮሄክሶል ከወሰዱት 26 በመቶዎቹ፣ አዮዲክሳኖል ከወሰዱት 3 በመቶዎቹ ክሬቲኒናቸው በ0.5 ወይም ከዚያ በላይ ጨመረ።

ጸሐፊው 26ቱን ወስደው «ከአራት ሰው አንዱ» አሉ። ስኳሩን ተዉት። አስቀድሞ የነበረውን የኩላሊት ጉዳት ተዉት። «ክሬቲኒን ጨመረ» የሚለውንም «ኩላሊት ተበላሸ» ብለው ጻፉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክሬቲኒን ከምርመራው በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይጨምራል። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ጣራ ይነካል። ከዚያ አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም ሰው ላይ አይመለስም፤ እሱን አልክድም።

እጥበት ላይ የሚደርሰውስ ስንት ነው? አሜሪካ ውስጥ ስቴንትና ባሉን (የጠበበውን ደም ሥር የሚያሰፋ ፊኛ) የተደረገላቸውን 985,737 ሰዎች መዝገብ ያየ ጥናት በ2014 ወጥቷል። 7.1 በመቶዎቹ ላይ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ታየ። እጥበት ያስፈለጋቸው 0.3 በመቶ ነበሩ። ከ1,000 ሰው ሦስት ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ሃርት አታክ ይዟቸው ግፊታቸው ወርዶ የገቡም አሉ። ለነዚያ ሦስት ሰዎች ቤተሰብ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ከአራት አንድ ግን አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የድሮዎቹ ጥናቶች ቀለም የወሰደውን ብቻ ነበር የሚከታተሉት። ቀለም ያልወሰደው ሕመምተኛ ኩላሊት ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ሆስፒታል የተኛ ሰው ክሬቲኒን እንዲሁም ከፍ ዝቅ ይላል። ተመራማሪዎች ቀለም ተሰጥቷቸው ሲቲ ስካን የተነሱትን፣ ሕመማቸው ተመሳሳይ ሆኖ ያለ ቀለም ከተነሱት ጋር ጎን ለጎን ሲያዩ ብዙዎቹ ጥናቶች ልዩነት አጡ። በዚህ ምክንያት በ2020 የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና ብሔራዊው የኩላሊት ፋውንዴሽን በጋራ አንድ መግለጫ አወጡ። በደም መላሽ ለሚሰጥ ቀለም አደጋው ከልክ በላይ ተጋንኖ ቆይቷል አሉ። ጥንቃቄው በዋናነት የኩላሊታቸው ደም የማጣራት አቅም (eGFR) ከ30 በታች ለሆነ ሰዎች ነው አሉ።

ይህን ይዤ «ቀለም ምንም አያደርግም» ማለትም አልችልም። ሲቲ ላይ ቀለሙ በክንድ ደም መላሽ ይገባል። እኛ ጋ በደም ቅዳ ቧንቧ በኩል ልብ ድረስ ነው የሚሄደው። ቱቦው ሲያልፍ ከትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳ የቅባት ፍርፋሪ ሊያራግፍ ይችላል። ያ ፍርፋሪ ኩላሊት ላይ ይደርሳል። የወረደ ግፊትም ኩላሊትን ደም ያሳጣል። ክሬቲኒኑ ሲጨምር ግን ጥፋቱ በሙሉ ቀለሙ ላይ ይለጠፋል።

አሁን ወደ ጸሐፊው አባት ልምጣ። በአክብሮት ነው የምጽፈው። ጽሑፉ ራሱ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ በጨረፍታ ሦስት ነገር ይነግረናል። አባት ሆስፒታል ሲገቡ ክሬቲኒናቸው 2.8 ነበር። ሃርት አታክ ይዟቸው ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ከዚያ በፊት ለጉልበታቸው ሁለት ሳምንት ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ይወስዱ ነበር። እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ኩላሊት ይጎዳሉ። ቀለሙ አራተኛው ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ግን ርዕስ ያደረጉት እሱን ብቻ ነው። የሃርት አታኩ ስቴንት ባይደረግ ኖሮ አባት ዛሬ አጠገባቸው ይኖሩ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ጽሑፉ አላነሳውም።

በአንድ ነገር ግን ከፊል እውነት ይዘዋል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው የረጋና ያልከፋ የደረት ሕመም ካለው ወደ ካት ላብ መሮጥ ላያስፈልገው ይችላል። በ2020 የወጣ 777 ሰዎችን የያዘ ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው። እንዲህ ላሉ ሰዎች በመድኃኒት ብቻ መቆየትና ካት ላብ መግባት በሞትና በሃርት አታክ ረገድ ልዩነት አላመጡም። ሃርት አታክ እየያዘው ያለ ሰው ጉዳይ ግን ፍጹም ሌላ ነው። እሱ ጋ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

«ውዱ ቀለም ደህና ነው፤ ሆስፒታሎች ለትርፍ ሲሉ ርካሹን ይሰጡናል»

እዚህ ላይ ነው 3 በመቶዋ የመጣችው። ጸሐፊው አዮዲክሳኖልን ማለታቸው ነው።

መሠረቱ እውነት ነው። ዋናው ጉዳይ የፈሳሹ ክምችት፣ በሐኪሞቹ ቋንቋ ኦስሞላሊቲ ነው። የደማችን 290 ገደማ ነው። የድሮዎቹ ቀለሞች ከ1,500 በላይ ነበሩ። ደም ሥር ውስጥ ሲገቡ ያቃጥላሉ፣ ውሃ ይስባሉ፣ የልብ ምት ያዛባሉ። ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ በ1958 ሜሰን ሶንስ የተባሉ ሐኪም የአንድ ወጣት ዋና ደም ቧንቧ ሊያነሱ ሲሉ ቱቦው ወደ ቀኝ የልብ ደም ሥር ገባባቸው። ቀለሙ እዚያው ፈሰሰ። የወጣቱ ልብ ለጥቂት ሰከንድ ቆመ። «ሳል! ሳል!» እያሉ ጮኹበት፤ ሳለ፣ ልቡም ተመለሰ። የልብን ደም ሥር ለይቶ ማንሳት የተጀመረው ከዚያ ድንጋጤ ነው። ይህን ታሪክ ለአዳዲስ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ዛሬም «ይሳሉ» የምንለው ለዚሁ ነው።

በ1969 ቶርስቴን አልሜን የተባሉ ስዊድናዊ ራዲዮሎጂስት ሌላ ዓይነት ቀለም መሥራት እንደሚቻል ጻፉ። የሕመምተኞቹ ቃጠሎና ስቃይ አሳስቧቸው ነበር። ከዚያ ሐሳብ አዮሄክሶልን የመሰሉት ተወለዱ፤ ክምችታቸው ከ600 እስከ 850 ነው። አዮዲክሳኖል ደግሞ ከደም ጋር እኩል 290 ሆነ።

ትልቁ ዝላይ ከ1,500 ወደ 800 የተደረገው ነው። ከ800 ወደ 290 ያለው ጥቅም ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። በ2007 የወጣ ጥናት ኩላሊታቸው የደከመ 414 ሰዎችን ይዞ አዮዲክሳኖልን ከአዮፓሚዶል ጋር አወዳደረ። ክሬቲኒናቸው በ0.5 የጨመረው አዮዲክሳኖል ከወሰዱት 6.7 በመቶ፣ አዮፓሚዶል ከወሰዱት 4.4 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትርጉም ያለው ልዩነት አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ውዱን ጠርሙስ ፍለጋ ስታዲየም አካባቢ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ስንት ሚሊ ሊትር ትጠቀማላችሁ?» ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። የማጣራት አቅምዎን በሦስት ያባዙት። አቅምዎ 30 ከሆነ ቀለሙ ከ90 ሚሊ ሊትር በታች ይሁን። ጎበዝ ሐኪም በ40 ሚሊ ሊትር ምርመራውን ጨርሶ ሲወጣ አይቻለሁ።

«ቀድመው አሴቲልሲስቲን፣ ሶዳና የሽፈራው ሻይ ይውሰዱ»

አሴቲልሲስቲን፣ አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት፣ በ2000 ተስፋ ሰጥቶ ነበር። 83 ሰዎችን የያዘ ትንሽ ጥናት ጥሩ ውጤት አሳየ። ዓለም ሁሉ መስጠት ጀመረ፤ እኛም ሰጥተናል። በ2011 ብራዚል ውስጥ 2,308 ሰዎች ላይ ተሞከረ። መድኃኒቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም እኩል 12.7 በመቶ ኩላሊታቸው ተጎዳ። በ2018 ደግሞ ወደ 5,000 ሰዎችን የያዘ ጥናት አሴቲልሲስቲንንም ሶዳውንም (ሶዲየም ባይካርቦኔትን) ፈተነ። ሶዳው ከተራው የጨው ውሃ አልበለጠም። ክኒኑም ከባዶ ክኒን አልበለጠም። ገንዘብዎን አያውጡበት። ሽፈራውንም ለዚህ ብለው አይጠጡ። ማንኛውንም ቅጠል የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማንም አይቆጣዎትም።

የሚሠራው ውሃ ነው። እሱም በልክ። በ2014 የታተመ 396 ሰዎችን የያዘ ጥናት የልብን ግፊት እየለካ ፈሳሽ የሰጣቸውን በተለመደው መንገድ ከተሰጣቸው ጋር አወዳደረ። ጉዳቱ ከ16.3 ወደ 6.7 በመቶ ወረደ። ልባቸው የደከመ ሰዎች ግን ፈሳሽ ከበዛባቸው ሳንባቸው ውስጥ ይገባል፤ እነሱ በራሳቸው ፈቃድ ጀሪካን ውሃ መጠጣት የለባቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚህ ከተማ የማየው ነገር ነው። ሕመምተኛው «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ይባላል። ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል። ድንገተኛ ሃርት አታክ ይቀድመዋል። ተራው የሚደርሰው ቀን 9 ሰዓት ነው። አሥራ አምስት ሰዓት ያለ ውሃ! ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ደርቀው ነው የሚመጡት። ንጹሕ ውሃ ከሂደቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ መጠጣት በአብዛኛው ይፈቀዳል። ስለዚህ ሲቀጠሩ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?» ብለው ይጠይቁ። ንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን አስቀድመው ያማክሩ።

ጽሑፉ ስለ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አንድ መስመር አለመጻፉ ደግሞ በጣም ይቆጨኛል። የአባትየው ታሪክ ውስጥ እያለ! ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምንገዛቸው እነዚህ ክኒኖች ከምርመራው በፊት መቆም አለባቸው። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም አስቀድመው ይንገሩን። ሜትፎርሚን ኩላሊት አይጎዳም። ኩላሊት ከደከመ ግን ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ለዚህ ነው ኩላሊታቸው የተዳከመ ሰዎች እንዲያቆሙትና ከ48 ሰዓት በኋላ ክሬቲኒን ታይቶ እንዲጀምሩት የሚደረገው።

«አዮዲን የማይስማማው ሰው ይሞታል»

አዮዲን ለማንም አለርጂ የሚሆን ነገር አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው በየቤታችን አለ፤ ያለ እሱ ታይሮይድ አይሠራም። ለቁስል የሚቀባው ቤታዲን ቆዳዎን ያሳከከዎት ከሆነ ያ ስለ ቀለሙ ምንም አይናገርም። አለርጂው የሚነሳው ከቀለሙ ሞለኪውል ነው። ጃፓን ውስጥ በ1990 የታተመ 337,647 ምርመራዎችን ያየ ጥናት አለ፤ ቀለሙ በደም መላሽ የተሰጠ ነበር። በድሮው ቀለም ከ10,000 ሰው 22ቱ ከባድ ምላሽ አሳዩ። በአዲሱ ከ10,000 አራት። ከዚህ በፊት በዚሁ ቀለም ሰውነትዎ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት ከነበረ ይንገሩን። የቀለሙን ዓይነት እንቀይራለን፣ ሐኪሙም አስቀድሞ መድኃኒት ያዛል። የሚሰማዎት ሙቀት ግን አለርጂ አይደለም። አንዳንዴ ሽንት ያመለጠዎት ይመስላል፤ በግማሽ ደቂቃ ያልፋል።

ስለ አዮዲን መጻፍ ካስፈለገ እኛ አገር የሚጻፈው ሌላ ነው። እንቅርት ነው። ጽሑፉ አላነሳውም። አንድ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር 350 የሚል ከሆነ በውስጡ 35 ግራም አዮዲን አለ። ሰውነታችን በቀን የሚፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። አብዛኛው ከሞለኪውሉ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ነፃ የሚሆነው ጥቂቱ እንኳ ከቀን ፍላጎታችን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዓመታት አዮዲን አጥሮት ያደገ እንቅርት ይህን ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ያልበዋል። ስቴንት ለተደረገለት ልብ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ፣ ከገጠር የመጡት እናትዎ እንቅርት ካላቸው፣ ነጠላው ሸፍኖታል ብለው ዝም አይበሉ። አሳዩን።

«ከቱቦው ይልቅ ሲቲ ይሻላል፤ ቀለም የለውም»

አለው። የልብ ደም ሥር ሲቲ ያለ አዮዲን አይታይም። እሱ በቂ የሚሆንባቸው ሕመምተኞች አሉ፤ ቀለም ለመሸሽ ተብሎ የሚመረጥ ግን አይደለም።

«ማንም አስረድቶን አያውቅም»

ይህን መስመር ሳነብ ስልኩን ዝቅ አደረግሁት። ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከዓመታት በፊት እናቴ ሌላ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የፈቃድ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላት። ፈረመች። ስለ ኩላሊት፣ ስለ ቀለም ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ራሴ የዚሁ ሙያ ሰው ሆኜ አጠገቧ ቆሜ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ጸሐፊው ተናደው ቢጽፉ አይገርመኝም። እኛ ዝም ስንል ሰው መልሱን ከሌላ ቦታ ያገኛል።

ጸሐፊው ሆይ፣ ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምንዎ። የአባትዎን ታሪክ አያንሱት፤ ያስፈልገናል። 2.8ቱን፣ የወረደውን ግፊትና ዳይክሎፌናኩን ግን ከሦስተኛው አንቀጽ አውጥተው ላይ ያድርጓቸው።

ጋሼ ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከላይ የጻፍኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ክሬቲኒናቸው 1.2 ነበር። አንገታቸውን ዳሰስን፤ እብጠት የለም። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ነው የመጡት። በእጅ አንጓቸው ገባን። ግራው ዋና ደም ሥር ላይ አንድ ጥበት ነበር፤ ስቴንት ገባላቸው። በጠቅላላው 85 ሚሊ ሊትር ቀለም ሄደ። ቁጥሩን መውጫ ወረቀታቸው ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ ከሥሩም «ቅዳሜ ጠዋት ክሬቲኒን» ብዬ አከልኩ።